ለልጆች የሚሆን 4 በ6 ክፍል ተሰጠን፤ ከምን እንጀምር?

ሲስተር_ቱሉ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ሰዎች። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። የትኛው እንደሆነ ይቅርብኝ። ሰባራ ወንበርና አሮጌ ካርቶን የታጨቀበት አንድ ክፍል ነበረን፣ ተለምኖ ተለምኖ ለልጆች ተፈቀደ። ስፋቱ 4 በ6 ሜትር ነው። ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። መስኮቱ አንድ ነው፣ በምሥራቅ በኩል።

ሐሳቡ ጠዋት ክትባትና ምርመራ የሚጠብቁ ልጆች እንዲቆዩበት ነው። ከሰዓት ደግሞ በምግብ እጥረት የምንከታተላቸው ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ይጫወቱበታል። ቁስል ለማሳጠብ እየተመላለሱ ከትምህርት የሚቀሩም አሉ፣ እነሱም ቁጭ ብለው የሚያነቡበት ነገር ቢኖር ደስ ይለኛል።

ከሠራተኛውና ከሠፈሩ ሰው ተዋጥቶ 45 ሺህ ብር አለን። ግማሹ ሠራተኛ ግድግዳው ላይ ሚኪ ማውስ ይሳል ይላል። ግማሹ ቲቪ ይገዛ ይላል። እኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም፣ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ባለፈው ሐሙስ አንድ የ4 ዓመት ልጅ በራችን ላይ ሲደርስ የእናቱን ነጠላ ነክሶ አልገባም አለ። ከጥርሱ ለማስለቀቅ ሁለት ሰው ፈጀ። ያ ልጅ ሚኪ ማውስ ቢያይ ይለቅ ነበር? እንጃ። እስቲ የምታውቁ በሉኝ።

---

ግማሽ_አርክቴክት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

ሲስተር፣ ነገ ጠዋት አንድ ነገር አድርጊልኝ። በሩ ላይ ተንበርከኪ። የምሬን ነው። የ4 ዓመት ልጅ ዓይን ከመሬት 90 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ዓይንሽን እዚያ አድርሺና በጉልበትሽ እስከ መርፌ ጠረጴዛው ድረስ ሂጂ። ምን ታያለሽ? የጠረጴዛ እግር፣ የሰው ጉልበት፣ የቆሻሻ ባልዲ፣ ከታች የሚታይ የጋውን ጫፍ። መስኮቱ ከሜትር በላይ ከጀመረ ደግሞ ከውጭ የሚታይሽ ሰማይ ብቻ ነው። እኛ ክፍል የምናስውበው በራሳችን ቁመት ነው፣ ችግሩ እዚያ ይጀምራል።

መስኮቱ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አንድ ጥናት አሳትሟል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ አገላብጦ፣ 23ቱ መስኮታቸው ዛፍ የሚያሳይ፣ 23ቱ የጡብ ግንብ የሚያሳይ ሆኖ አወዳደራቸው። ዛፍ ያዩት፣ ልዩነቱ አንድ ቀን እንኳ የማይሞላ ቢሆንም፣ ቀድመው ወጡ፣ ጠንከር ያለ ማስታገሻም የወሰዱት ባነሰ መጠን ነው። ሕክምናው ያው፣ ሆስፒታሉ ያው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ከመስኮታችሁ ምን ይታያል?

---

ተጠራጣሪው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ይቅርታ ግን እነዚያ አዋቂዎች ናቸው። 46 ሰው ደግሞ ምን አላት። እኛ ሠፈር ጤና ጣቢያ ሄደህ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ ትባላለህ፣ እናንተ ስለ መስኮት ታወራላችሁ። 45 ሺውን ጓንትና ሲሪንጅ ግዙበት።

---

ቦጋለ_ሰፈር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡07

ወይም ለኔ ስጡኝና ልጅነቴን ልታከምበት 😂

---

ሲስተር_ቱሉ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

@ግማሽ_አርክቴክት ከመስኮቱ የሚታየው የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ሁለት ባሕር ዛፍ፣ በአጥሩ ክፍተት ደግሞ የአህያ ጋሪ የሚያልፍበት የኮብልስቶን መንገድ ነው። ድንቅ ነገር የለውም።

@ተጠራጣሪው ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ እኔም በየቀኑ እናደዳለሁ። ግን የምግብ እጥረቱን ነገር ላስረዳህ። የዓለም ጤና ድርጅት ለከፋ የምግብ እጥረት ሕክምና ያወጣው መመሪያ 10 ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በደም ውስጥ ያለ ስኳር እንዳይወርድ መከላከል ነው፣ ሁለተኛው ልጁ እንዳይቀዘቅዝ ማሞቅ። ዘጠነኛው ጨዋታ ነው! በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የታቀደ ጨዋታ፣ ደስ የሚል ክፍል፣ እናትየው የምትሳተፍበት። እንደ ወተቱና እንደ አንቲባዮቲኩ መመሪያው ውስጥ የተጻፈ ነው። እነዚህ ልጆች ሲመጡ አያለቅሱም እኮ። የሚያስፈራው ዝምታቸው ነው። ዓይናቸው አንድ ቦታ ይቀራል። ክብደት ሲጨምሩ ሳይሆን መጀመሪያ እቃ ለመያዝ እጃቸውን ሲዘረጉ ነው እኔ እፎይ የምለው።

ስለዚህ መጫወቻው እኛ ዘንድ ከመድኃኒቱ ሒሳብ ውስጥ ነው የሚቆጠረው።

---

ተጠራጣሪው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

እሺ ይሄን አላውቅም ነበር። ቲቪውን ግን እንዳትገዙ። ቲቪ ከገዛችሁ እናቶቹ ድራማ ያያሉ፣ ልጁ እንደተቀመጠ ይቀራል።

---

ቲቸር_ሚሚ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ኬጂ መምህርት ነኝ፣ 11 ዓመቴ ነው። የሠራሁባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የኪራይ ቪላ ናቸው። አንዱ ጋ ክፍሌ የመኪና ጋራዥ ነበር፣ ግድግዳው ላይ የዘይቱ ጠብታ ሳይቀር አለ።

ስለ ግድግዳ ላውራ ምክንያቱም ብዙ ተንገብግቤበታለሁ። ባለቤቶቹ ወላጅ ሲመጣ ዓይን እንዲገባ ብለው አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ አይተዉም። ፊደል፣ ኤቢሲዲ፣ የፍራፍሬ ሥዕል፣ ካርታ፣ ከላይ እስከ ታች። ልጆቹ ምን እንደሚያዩ ታውቃላችሁ? ምንም። እኔ አንድ ቀን ግድግዳውን በሙሉ አራገፍኩትና በልጆቹ ቁመት አንድ ሲባጎ ብቻ ወጥሬ የራሳቸውን ሥዕል በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩበት። በሳምንቱ አንዷ የጓደኛዋን ሥዕል በጣቷ እየነካች «ይሄ ጭራው ለምን ሁለት ሆነ?» ስትለው ሰማሁ። ክርክር ተጀመረ። ባለቤቱ ግን «ክፍሉ ድሃ መሰለ» ብሎ ተቆጣኝና መልሼ ለጠፍኩ።

ሬጂዮ ኤሚሊያ የምትባል የጣሊያን ከተማ አለች። እዚያ ሎሪስ ማላጉዚ የጀመረው የሕፃናት ትምህርት ክፍሉን ራሱን «ሦስተኛው መምህር» ይለዋል። ሞንቴሶሪ ደግሞ ስሟን ሁላችንም በየኬጂው ታፔላ ላይ እናየዋለን፣ ሐኪም እንደነበረች ግን ስንቱ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሃ ሠፈር የመጀመሪያዋን የልጆች ቤት ስትከፍት ከሠራቻቸው ነገሮች አንዱ ልጅ ራሱ አንስቶ የሚያዞረው ትንሽ ወንበርና ጠረጴዛ ነው። ራሱ የሚያነሳው። የኛ ሠፈር ሞንቴሶሪዎች ታፔላውን ወስደው ወንበሩን ተዉት።

ደግሞ ኮርኒስ የለውም ብለሻል። ሲስተርዬ እዚያ ላይ እንዳትቀልጂ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔ ማስተማር አቁሜ ልጆቹን በምልክት ነው የማናግራቸው። የታመመ ልጅ እዚያ ድምፅ ሥር ቁጭ ብሎ መርፌ ሲጠብቅ አስቢው።

---

ሁለት_መኝታ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

የቡርኪና ፋሶውን አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬን እዩት! ጋንዶ በምትባል በተወለደባት መንደር የሠራው ትምህርት ቤት እኮ ቆርቆሮ ነው፣ ግን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ ስለሰቀለው አየር በመሐል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የሚባለውን ትልቁን የአርክቴክቶች ሽልማት ተሸለመ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው። እንዲህ ይሠራ።

---

ግማሽ_አርክቴክት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡55

ኬሬን እወደዋለሁ። ግን ጋንዶ ሙቀቱ አናት የሚበሳ አገር ነው፣ ያ ጣሪያ የተሠራው ሙቀት ለማባረር ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ያለው ጭንቀት ሌላ ነው፣ ጠዋት ብርድና ያ የማያቋርጥ ንፋስ። ከኬሬ የሚወሰደው ጣሪያው አይደለም፣ ቦታውን መጀመሪያ መጠየቁ ነው።

የምሥራቅ መስኮት ስላላችሁ ታድላችኋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጠዋቷ ፀሐይ ዝቅ ብላ ቀጥ ብላ ነው የምትገባው። የጠዋቱን ተራ ጠባቂዎች እዚያ ጥግ አስቀምጡ፣ ከሰዓት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ። ኮርኒሱን በችፑድ አሠሩት፣ ከበጀቱ ትልቁን ቢበላም ይብላ። ድምፅም ይቀንሳል ሙቀትም ይይዛል። ሊሾውና ባዶው ግድግዳ ድምፅ ስለሚያስተጋቡ አንድ ልጅ ሲያለቅስ አራት ልጅ ያለቀሰ ይመስላል፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ወፍራም ጨርቅ ነገር ይሰቀል።

---

የናቲ_አባት | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡30

ኮዬ ፈጬ ነዋሪ ነኝ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ይሄን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ልጄ አምና 19 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል። ክፍሉ ግን ገደለን። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም፣ ማጥፊያው አንድ ስለሆነ ለአንዱ ሲበራ ለአሥሩ ይበራል። እናቱ 19 ቀን የተኛችው አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ነው። ወንበር የለም። ሐኪም ሊጎበኝ ሲመጣ ደግሞ «አስታማሚ ውጡ» ይባላል፣ ልጁ የሚጮኸው በሕመሙ ሳይሆን በዚያን ሰዓት ነው።

ግድግዳው ላይ ቀጭኔና አንበሳ ተስሏል፣ ያምራል። ግን ልጄ በጀርባው ነበር የሚተኛው። በጀርባው የተኛ ልጅ ግድግዳ አያይም፣ ኮርኒስ ነው የሚያየው። ኮርኒሱ ላይ ውሃ ያፈሰሰበት ቡናማ እድፍ ነበር፣ እሱን «ዝሆኑ» ይለው ጀመር። ኩምቢው ወዲህ ነው፣ ጆሮው ወዲያ ነው እያለ ማታ ማታ ያሳየኝ ነበር። ዝናብ ሲጥል ዝሆኑ ይወፍራል። ከዳነ በኋላ እንኳ «ዝሆኑ ብቻውን ቀረ» አለኝ።

ኮርኒስ የምታሠሩ ከሆነ፣ ሚኪ ማውሱን እዚያ ሳሉት። ለእናትየው ደግሞ ወንበር። ባለ መደገፊያ።

---

ቲቸር_ሚሚ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡44

የናቲ አባት አስለቀስከኝ እኮ። ናቲ እንዴት ነው አሁን?

---

የናቲ_አባት | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡50

ደህና ነው ተመስገን። ኳስ እየመታ የጎረቤት ሳተላይት ዲሽ አጣሞ እየተካሰስን ነው።

---

እትዬ_አስካለ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ልጆቼ፣ ክፍሉን ሁሉ አሳምሩት መልካም ነው። ግን ልጁ ፍርሃቱን የሚያመጣው ከቤት ነው። እኛ ነን ያስፈራራነው። «እንዳትረብሽ፣ ሐኪሙ ይወጋሃል» ስንል አደግን፣ ስንል አሳደግን። እኔ ራሴ ስንቴ ብያለሁ። ከዚያ ነጭ ጋውን ሲያይ ለምን ይሸሻል እንላለን? በሩ ላይ በትልቁ ይጻፍ፦ «እባክዎ ልጅዎን በመርፌ አያስፈራሩ»። ከቀለሙ ይሄ ይረክሳል።

ፀሐዩንም እንዳትረሱ። ሕፃን የጠዋት ፀሐይ ይሞቃል።

---

ሲስተር_ቱሉ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

እትዬ አስካለ እድሜ ይስጥዎ፣ ጽሑፉ ይለጠፋል። ፀሐዩን ግን እናቶች ከመስታወት ጀርባ ያሞቃሉ፣ ያ አይሠራም። መስታወት ሙቀቱን ያስገባል፣ ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ግን ያስቀራል። ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ደግሞ ብርድ ይመታዋል እየተባለ ልጅ ከቤት አይወጣም፣ እግሩ የተወላገደ ልጅ ይመጣብናል። ፀሐይ በምትፈሰው አገር! ስለዚህ ከበሩ ውጭ ንፋስ የማይደርስበት ትንሽ መቀመጫ ጨምሬ ዐቅጃለሁ።

ዛሬ ተንበርክኬ ሄድኩ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ስለት ያለብኝ መስሏት «ሲስተር ምን ሆነሽ ነው» አለችኝ 😅 ግን አየሁት። በልጅ ቁመት በትክክል ፊት ለፊት የሚታየው ቢጫው የመርፌ መጣያ ሣጥን ነው። በትክክል ዓይኑ ላይ! እኛ ከላይ ስለምናየው አስተውለነው አናውቅም። ዛሬውኑ አነሳነው፣ አንድ ብር አልወጣም።

ሌላም ነገር አለ። እስካሁን ልጅ አስተኝተን፣ እጅና እግሩን ይዘን ነበር የምንወጋው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሕፃኑን ወላጅ አቅፎት፣ ዕድሜው ከፍ ካለ ቀና ብሎ ተቀምጦ ይወጋ፣ የሚጠባ ከሆነ ከተቻለ እየጠባ ነው የሚለው። ለዚህ ደግሞ እናቲቱ እግሯን መሬት አስረግጣ የምትቀመጥበት ያስፈልጋል። ያለን ባለ ጎማ ክብ ወንበር ነው፣ ልጁ ሲንፈራገጥ አብራው ትሽከረከራለች።

---

አናጢው_ገላን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

አናጢ ነኝ። አጭር ላድርገው። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ የወንበር ከፍታ 26 ሳንቲም፣ ለ5 እና ለ6 ዓመት 31 ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ እግሩ ይንጠለጠላል፣ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ይቁነጠነጣል፣ ከዚያ «አስቸጋሪ» ይባላል። ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ይሁን። ፕላስቲክ ወንበር አትግዙ፣ በስድስት ወር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ ቂጥ ይቆነጥጣል።

ቀለም ላይ ተጠንቀቁ። ደማቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዝ ሊኖር ይችላል፣ የልጅ አእምሮ ነው የሚጎዳው። ሕጉ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ብሎ ገድቦታል፣ ጣሳው ላይ ካልተጻፈ ሱቁን ጠይቁ፣ ካላወቀ ተዉት። ልጅ ጠርዝ ይልሳል። አሮጌውን ቀለም ደግሞ በደረቁ እንዳትፍቁ፣ አቧራው ይብሳል።

---

ሁለት_መኝታ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

መጫወቻስ? ትልልቅ የጨርቅ ድቦች ከመርካቶ ላመጣላችሁ እችላለሁ።

---

ሲስተር_ቱሉ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

እግዜር ይስጥልኝ ግን ጨርቅ አይሆንም። አንዱ ልጅ ያስልበትና ሌላው ያቅፈዋል። በሳሙናና በበረኪና የሚታጠብ ብቻ። ኩፍኝ የጠረጠርነው ልጅም ክፍሉ ጨርሶ አይገባም፣ በሩ ላይ ይለያል። የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ቲቢና ሳል ስላለ መስኮት ክፈቱ እንላለን፣ የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ ደግሞ ብርድ ይገድለዋል፣ ክፍሉ ከ25 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ነው የሚባለው። ሁለቱ አይታረቁም።

---

ግማሽ_አርክቴክት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡58

በሰዓት ለዪያቸው። ጠዋት ብዙ ሰው ሲኖር መስኮትና በር ይከፈት፣ ፀሐይም አለች። ምሳ ላይ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ይናፈስ። ከሰዓት ጥቂት ልጅ ብቻ፣ ተዘግቶ፣ ከላይ ጣሪያው ሥር ትንሽ የአየር ቀዳዳ ቀርቶ። ፍጹም አይደለም።

---

ቲቸር_ሚሚ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

መጫወቻ አትግዙ ባክሽ። ሃይላንድ ውስጥ ባቄላ ከተሽ ክዳኑን በማጣበቂያ ድፈኚው፣ ማንቋቋያ ሆነ። ምን አለሽ ተራ ሄደሽ ጣሳዎች በመጠን በመጠናቸው ለቅመሽ ጠርዛቸውን አስመትተሽ ተደራራቢ አድርጊያቸው። ቆርኪ ብቻ ለትንንሾቹ አይሆንም፣ ይውጡታል። ለትልልቆቹ ገበጣ። ወለሉ ላይ ደግሞ ከመጠበቂያው እስከ ሚዛኑ ድረስ ሰኞ ማክሰኞ ይሰመር! ልጁ እየዘለለ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ልጁን ወደ ሚዛኑ መጎተት ቀረ።

---

ሲስተር_ቱሉ | ከ7 ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከሰዓት 9፡20

ጠፋሁ አይደል። ላስነብባችሁ።

ኮርኒሱ ተሠራ፣ ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ እሱ በላው። መስኮቱን ዝቅ እናድርግ ስንል ግድግዳ ማፍረስ ፈቃድ ይፈልጋል ተባልን፣ ተውነው። ከዚያ አንዷ አስታማሚ፣ የገጠር ሴት ናቸው፣ «ልጁን ከፍ አድርጉታ፣ መደብ ሥሩለት» አሉን። መደብ! ስንት ቀን ስንጨቃጨቅ ማናችንም አላሰብነውም። ከመስኮቱ ሥር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በብሎኬት የተሠራ መደብ አለን አሁን፣ ከፍታው 40 ሳንቲም፣ በላዩ ላይ የሚታጠብ ሌዘር የለበሰ ፎም። ልጅ ይቆምበታል፣ እናት እግሯን አስረግጣ ትቀመጥበታለች፣ ክትባቱንም እዚያው አቅፋው ነው። መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፣ አትስጉ። የአህያ ጋሪ ሲያልፍ የሚቆጥሩ ልጆች አሉን፣ ትናንት ሁለቱ ስድስት ነው ሰባት ነው ብለው ተጣሉ።

ኮርኒሱ ላይ ዝሆን አለ። የናቲ አባት፣ የእኛኛው አያፈስም።

ሰኞ ማክሰኞው ተሰምሯል፣ በሦስተኛው ሳምንት መሐሉ ተፍቆ «ረቡዕ» ጠፍታለች። ሲባጎውም አለ። የእትዬ አስካለን ጽሑፍ አንድ አባት አንብበው «ታዲያ በምን እናስፈራራው?» ብለው ጠየቁኝ፣ የምር ነው የጠየቁኝ።

ነጠላ የነከሰው ልጅ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። አሁንም ያለቅሳል፣ አልዋሽም። ግን በሩ ላይ ሳይሆን መርፌውን ሲያይ ነው።

ያልተሳካውም አለ። ተራ የሚጠብቁ ትልልቅ ሰዎች መደቡ ላይ ጋደም ይላሉ፣ በጠዋት እነሱን ማስነሳት ሥራ ሆኖብኛል። የመደቡ ጠርዝ ደግሞ ስል ነው፣ አንዷ ልጅ ጉልበቷን ፋቀችበት። ልባጭ በምን ላድርግለት?

---

አናጢው_ገላን | እሑድ፣ ከሰዓት 10፡05

ምንም እንዳታደርጊበት። ቅዳሜ ጠዋት ክብ ጠርዝ ያለው ጣውላ ይዤ እመጣለሁ፣ ሒሳብ የለውም። የሚተኙትን ደግሞ መላ አለው፣ በየ60 ሳንቲሙ ትንሽ የእጅ መደገፊያ እመታበታለሁ። ለእናቶች ክንድ ማሳረፊያ ይሆናል፣ ለሚጋደመው ጎድን ይወጋል።

---

የናቲ_አባት | እሑድ፣ ከሰዓት 10፡30

ቅዳሜ እኔም አለሁ። ናቲ ዝሆኑን ማየት አለብኝ ብሏል።